ቤት ትምህርት ቤት በሆነ ጊዜ

ኪሊማኒ ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ ከስዋሂሊ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ትርጓሜውም «በኮረብታው ላይ» ማለት ነው። ቀድሞ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቪላ ቤቶች የነበሩበት ይህ ሰፈር ዛሬ ባለብዙ ፎቅ መኖሪያ ሕንጻዎች የሞሉበት ነው፤ ከነዋሪዎቹም መካከል ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይገኙበታል። በደቡብ በኩል የንጎንግ መንገድ ያልፋል። ከመንገዱ ማዶ ጥቂት ራቅ ብለው ደግሞ ጣራቸው ቆርቆሮ የሆነ፣ እጅግ የተጠጋጉ የኪቤራ መንደሮች ይታያሉ። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ የሁለቱም ሰፈር ልጆች ቤት ዋሉ፤ አዋዋላቸው ግን አንድ አልነበረም።

በኬንያ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በኢትዮጵያም የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው በዚያው ዕለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ አዘዙ። ከመጋቢት 18 ጀምሮም ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት የሚጸና ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ መጋቢት 28 ደግሞ ወደ ናይሮቢና አካባቢዋ መግባትም ሆነ ከዚያ መውጣት ተከለከለ። የኬንያ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በፈረንጆች ጃንዋሪ ስለሆነ፣ ልጆቹ በዚያ ዓመት ከመምህራቸው ፊት የተቀመጡት ለአሥር ሳምንት ያህል ብቻ ነበር።

ትምህርቱን ወደ ቤት የማድረሱ ኃላፊነት በአብዛኛው የወደቀው በኬንያ የሥርዓተ ትምህርት ልማት ተቋም ላይ ነው። ተቋሙ በኬንያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ራዲዮ፣ ኤዱ ቻነል በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያና በኢንተርኔት አማካይነት ትምህርት አሠራጨ። የራዲዮው ትምህርት ለአገሪቱ አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1985 ድረስ በኬንያ የአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች እንግሊዝኛን በራዲዮ የማስተማር ሙከራ ተካሂዶ ነበር። የዘዴው ብልሃት በዝምታው ላይ ነው። ይኸውም የራዲዮው መምህር አንድ ጥያቄ ይጠይቅና ለጥቂት ሰከንዶች ዝም ይላል፤ ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው መልስ ይሰማል። እንግዲህ ራዲዮ ከፍቶ አጠገቡ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ተማረ ሊባል አይችልም። በክፍል ውስጥ መልሱ መሰጠቱን የሚከታተል መምህር አለ፤ ቤት ውስጥ ግን ይህን ሥራ እናት፣ አባት፣ ወይም ታላቅ ወንድምና እኅት ካልያዘው የሚይዘው የለም። የቤት ውስጥ ትምህርት ዋና ጉዳይ ይህ ነው፤ ከመሣሪያው ይልቅ የሚያዳምጠው ሰው ይበልጣል።

ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ከታችኞቹ ክፍሎች የተነሣ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በሥራ ላይ አውላ ነበር። በዚያን ጊዜ በዚህ ሥርዓት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉት ትምህርቶች ራሳቸው «ተግባር» የሚል ስም ነበራቸው፤ የሒሳብ ተግባር፣ የአካባቢ ተግባር፣ የንጽሕናና የአመጋገብ ተግባር ይባሉ ነበር። ወላጅም የልጁ ትምህርት ተካፋይ እንዲሆን ይጠበቅበታል። ብዙ ወላጆች ግን ይህን የተቀበሉት እያጉረመረሙ ነበር፤ ከሥራ ደክሞ የተመለሰ ሰው የልጅን የቤት ሥራ ሲያግዝ ማምሸት ይከብደዋልና። በሩ በተዘጋ ጊዜ ግን በእጃቸው የቀረው ይኸው ተግባር ሆነ።

ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የሚሆነው መሣሪያ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ አይታጣም። ኬንያውያን እንደ ገንፎ ያለውን ኡጋሊ የሚያበስሉበት የበቆሎ ዱቄት ብዙውን ጊዜ በ2 ኪሎ እሽግ ይሸጣል። እናት ለአንድ እራት ስንት ስኒ እንደምትሰፍር የቆጠረ ልጅ፣ እሽጉ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ለማወቅ ማካፈል ግድ ይሆንበታል። ሱኩማ ዊኪ የሚባለው ጎመን፣ ስሙ «ሳምንቱን ግፋ» እንደማለት ነው፤ ርካሽ በመሆኑ ድሀው ደመወዝ እስኪደርስ ድረስ የሚገፋበት ምግብ ስለሆነ ነው። ይህን ጎመን በሰገነት ላይ በጣሳ ወይም በአሮጌ ጆንያ ተክሎ ቅጠሉን በየሳምንቱ በማስመሪያ እየለኩ በደብተር ላይ መመዝገብ የአካባቢ ተግባር ነው፤ የታችኛውን ቅጠል ቀጥፎ ለእራት ማቅረብም ከትምህርቱ አይቈጠርም የሚል አይኖርም። ማታ ልጁ ቀን የሰማውን የራዲዮ ትምህርት ለአባቱ መልሶ ቢተርክ፣ የገባውና ያልገባው በዚያው ይለያል።

የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች በዚህ ረገድ አንድ የተለየ ዕድል ነበራቸው። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የሚማር ልጅ ፊደል የሚቈጥርበት ጊዜ እምብዛም አያገኝም፤ ቤቱ ግን አማርኛ የሚነገርበት ክፍል ነው። ሰዓት በመቍጠር እንኳ ሦስቱን ቋንቋዎች ማነጻጸር ይቻላል። የእንግሊዝኛው 7 ሰዓት በስዋሂሊም እንደ አማርኛው 1 ሰዓት ይባላል፤ ሁለቱም ሕዝቦች ቀኑን የሚቈጥሩት ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ነውና። በስልክ መስታወት ላይ 7 ሰዓት የሚያነብ ልጅ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው የሕንጻው ዘበኛና ኢትዮጵያዊት አያቱ ሁለቱም 1 ሰዓት ነው ሲሉት ጥሩ የሒሳብ ጥያቄ ቀረበለት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚሆነው የሚያዳምጥ ሰውና ጸጥ ያለ ጥግ ባለበት ቤት ነው። በኪሊማኒ ሕንጻዎች ከሚኖሩት ልጆች ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስለነበሩ መምህራቸውን በኮምፒዩተር ሊያዩ ይችሉ ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንድ ክፍል ቤት ለመላው ቤተሰብ መኝታም፣ ወጥ ቤትም፣ መማሪያም ነበረ፤ ያለው አንድ ስልክም ከአባት ወይም ከእናት ጋር ወደ ሥራ ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሉን የተባለው ድርጅት በኬንያ ሰማይ ላይ እጅግ ከፍ ብለው የሚንሳፈፉ ፊኛዎችን ተጠቅሞ ኢንተርኔት ማሠራጨት ጀምሮ ነበር፤ ሥራው ግን ዓመት ሳይሞላው ቆመ። ቢቀጥልም ኖሮ ስልክም ሆነ የስልክ ሒሳብ ከሰማይ አይወርድም ነበር። ሴቶች ልጆችም በቤት መዋላቸው ውኃ ለመቅዳትና ሕፃን ለመያዝ እንደተመቸ ሆኖ በመታየቱ፣ የራዲዮው ሰዓት ሲደርስ እጃቸው ባዶ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ከተለመደው አስተሳሰብ ጋር አይስማማም። በኪሊማኒ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር አብረው ይማራሉ። ለእነዚህ ልጆች ዘመናዊው ቴሌቪዥን ከአሮጌው ራዲዮ ያንሳል። የቴሌቪዥኑ መምህር ወደ ሰሌዳው እየጠቆመ «ይህ ከዚህ ይበልጣል» ቢል ለማያይ ልጅ ምንም አልነገረውም፤ ራዲዮ ግን ምንጊዜም ሁሉንም በቃል መናገር ግዴታው ነው። የብሬል ጽሑፍ ማንበብን ያህል ችሎታ ግን በራዲዮም አይገኝም፤ ጣት በነጥቦቹ ላይ መሄድ አለበት፤ መጻሕፍቱም ግዙፍና ውድ በመሆናቸው በየቤቱ አይገኙም።

ሰኔ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ጆርጅ ማጎሃ የዚያ ዓመት የትምህርት ዘመን እንደጠፋ እንደሚቈጠር አስታወቁ። ይህ ለየቤቱ ከባድ ፈተና ነበር። እስከዚያ ዕለት ድረስ ልጅን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ከራዲዮ ፊት ለማስቀመጥ «ፈተና ይመጣል» ማለት ይበቃ ነበር፤ አሁን ግን ልጁ «ዓመቱ ከጠፋ ለምን አጠናለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል አልነበረም። ልማዱን ያልተወው ቤት፣ ማስመሪያውና የጎመኑ ደብተር ስለ ፈተና ሳይሆን ስለራሳቸው የተወደዱበት ቤት ነው።

በኋላ ውሳኔው ተሻሽሎ የአራተኛ፣ የስምንተኛና የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ጥቅምት 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመለሱ። የቀሩት ደግሞ ታኅሣሥ 26 ቀን ትምህርታቸውን ከቆመበት ቀጠሉ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ልጆች የአንዱ ደብተር እስከ መጨረሻው ገጽ ተሞልቷል፤ የሌላው በመጋቢት ወር የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር እንደያዘ ነው። መምህሩ ትምህርቱን የሚጀምረው ከሁለቱ ከየትኛው እንደሆነ መወሰን ነበረበት።