ዩብዶ፦ በፕላቲነም የታወቀች የወለጋ ከተማ

በምዕራብ ወለጋ፣ ከጊምቢ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በብርብር ወንዝ አጠገብ የምትገኘው ዩብዶ ቡና በሚለቀምበትና ማር በሚቆረጥበት አገር መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ስሟ የሚነሣው ግን ከሁለቱም ይልቅ ከፕላቲነም ጋር ተያይዞ ነው። ፕላቲነም መልኩ ብር የሚመስል፣ ክብደቱ ከወርቅ የሚበልጥ ማዕድን ሲሆን፣ የሚቀልጠው በ1,768 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመሆኑና በቀላሉ ስለማይዝግ ከጌጣጌጥ ሌላ ለቤተ ሙከራ ዕቃና ለኬሚካል ፋብሪካ ይፈለጋል።

እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አብዛኛው የዓለም ፕላቲነም የሚወጣው ከሩሲያ የኡራል ተራሮች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1917 የተነሣው አብዮት ይህን ምንጭ ሲያናጋው ገዢዎች ፊታቸውን ወደ ሌላ አገር አዞሩ። ጣሊያናዊው ማዕድን ፈላጊ አልቤርቶ ፕራሶ የዩብዶን ሀብት ያስተዋወቀውም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ይህ ፍላጎት በበረታበት ጊዜ ነው። የኡራልን ፕላቲነም ለረጅም ዘመን ያጠናው የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ሉዊ ዱፓርክም ከባልደረቦቹ ጋር የብርብርን አካባቢ ድንጋይ መርምሮ ውጤቱን አሳተመ።

የማዕድኑ መነሻ ዱኒት የሚባል፣ ከምድር ጥልቅ የመነጨ ከባድ ድንጋይ ነው። የወለጋ ዝናብና ሙቀት ድንጋዩን በረጅም ዘመን አበስብሶ ወደ ቀይ አፈር ሲለውጠው፣ የማይበሰብሰው ፕላቲነም በአፈሩ ውስጥ ቀረ፤ ከፊሉም በጎርፍ ታጥቦ በጅረቶችና በወንዙ ዳር ተከማቸ። ከዱኒቱ አንዳንዱ ደግሞ ሲሊካ በተባለው የአሸዋ ንጥረ ነገር ተተክቶ ጠጠረ፤ እነዱፓርክ እ.ኤ.አ. በ1927 ይህን ጠጣር ድንጋይ በወንዙ ስም «ብርብራይት» ብለው ሰየሙት።

ማዕድኑ በአፈር ውስጥ የተበተነ በመሆኑ ዋናው ሥራ ማጠብ ነው። ሠራተኛው የቆፈረውን አፈር ዘንበል ብሎ በተሠራ ቦይ ላይ አፍስሶ ውኃ ይለቅበታል፤ ቀላሉ ጭቃ እየታጠበ ሲወርድ ከባዱ ጥቁር አሸዋ በቦዩ ወለል ላይ በተደረደሩት እርከኖች ሥር ይቀራል። ያ አሸዋ በገበቴ ተደርጎ በውኃ ውስጥ በዝግታ ሲሽከረከርና ሲነቀነቅ አሸዋው በጠርዙ እየፈሰሰ ያልቃል፤ በመጨረሻ ከገበቴው ግርጌ የሚታዩት የብረት መልክ ያላቸው ጥቃቅን ፍሬዎች ናቸው። ከአንድ ቶን አፈር የሚገኘው ፕላቲነም በአብዛኛው ከአንድ ግራም በታች ስለሆነ፣ ጥቂት ግራም ለመሰብሰብ የሚቆፈረውና የሚታጠበው አፈር ብዙ ነው።

የዩብዶን ዕጣ የወሰነው ይህ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሃንስ ሜረንስኪ በደቡብ አፍሪካ ያገኘው፣ ፕላቲነም ያዘለ የአለት ንብብር እጅግ ሰፊ ቦታ የሚሸፍን በመሆኑ ለትልልቅ ኩባንያዎች ጥልቅ ቁፋሮ ተመቸ፤ ውሎ አድሮም የዓለምን ገበያ ያዘ። የዩብዶ አፈር ግን በስስ የተበተነ ሀብት ስለነበረው እንደዚያ ያለ ኢንዱስትሪ አልተተከለበትም። ስለዚህ አካባቢው ለዓለም ሳይንስ የድንጋይ ስም ሲያበረክት፣ ለራሱ የቀረው ሥራ በአብዛኛው ውኃና ገበቴ የሚጠይቀው ነው።