ከጫጩቱ የሚቀድመው ሻጋታ
ከሲያትል በስተደቡብ በምትገኘው ኦበርን ከጥቅምት ጀምሮ ዝናቡ እምብዛም አያባራም፤ በጓሮው ዶሮ የሚያረባ ሰው የመኖ ጆንያውን ከእርጥበት መጠበቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100 ሺህ በላይ ተርኪዎችን የፈጀው በሻጋታ የተበከለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር፤ አፍላቶክሲን የታወቀውም በዚሁ ሰበብ ነው።

መርዙ፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ ከእናቲቱ መኖ ወደ እንቁላሉ ይሻገራል። የጫጩት የጡንቻ ክሮች ቁጥር በአብዛኛው የሚወሰነው ደግሞ በ21ዱ የመታቀፊያ ቀናት ነው፤ ከተፈለፈለ በኋላ ክሮቹ ይወፍራሉ እንጂ እምብዛም አይበዙም። አፍላቶክሲን የፕሮቲን ግንባታን ያውካል፤ በዚያን ጊዜ የጎደለውን ኋላ የሚቀርብ ጥሩ መኖ የሚሞላው አይመስለኝም።

ነገሩ ከአገራችንም ሩቅ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ መርዙን በከብት መኖም በላም ወተትም አግኝቶታል። በተለይ የኑግ ፋጉሎ ተጠርጣሪ ነው። መቀቀልም አያዋጣም፤ አፍላቶክሲን በተራ የማብሰያ ሙቀት አይጠፋም።