የቤት እንስሳት መድኃኒት፤ ቅጠል የሚበጅበትና የማይበጅበት ጊዜ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በአንጋጫም ሆነ በዶዮገና ወደ አንድ ቤተሰብ ግቢ የሚገባውን እንግዳ አስቀድሞ የሚቀበለው ውሻ ነው። ቀን በሩን ይጠብቃል፤ ሌሊት ደግሞ እንሰቱን ከሚያበላሹት ከጃርትና ከከርከሮ ጋር ይታገላል። ድመቲቱም በበኩልዋ እህሉን ከአይጥ ትጠብቃለች። ሁለቱም ደመወዝ ሳይጠይቁ ቤት የሚያገለግሉ ፍጥረታት ናቸው። ስለዚህም በታመሙ ጊዜ ማስታመም የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ነገር ነው።

ዳሩ ግን እንዴት እናስታምማቸው? በብዙ ቤት ያለው ልማድ የታወቀ ነው። ውሻው ሲያሳክከው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል፤ ሲያቀረሸው ነጭ ሽንኩርት ይግቱታል፤ ሲቈስል የተወቀጠ ቡና ይነሰንሱበታል። ከእነዚህ መካከል የትኛው እንደሚጠቅም፣ የትኛው እንደሚጎዳ፣ የትኛውም እስከ ሞት እንደሚያደርስ ቤተሰብ ሁሉ ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

የጓሮ መድኃኒት አይናቅም

በሐዲያና በከምባታ ምድር መድኃኒትን በጓሮ መፈለግ ከአባቶች የወረደ ዕውቀት ነው። ከእንሰት ዓይነቶች መካከል ለምግብነት ብቻ ሳይሆን ለመድኃኒትነትም ተለይተው የሚተከሉ አሉ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው የእንደዚህ ያለውን እንሰት አሚቾ ተቀቅሎ ይበላል፤ የእንግዴ ልጅ የዘገየባት ላምም ትመገበዋለች። ግራዋና ዳማከሴ፣ ፌጦና ጤና አዳም በየአጥሩ ሥር የሚገኙ የቤት መድኃኒቶች ናቸው።

ይህን ዕውቀት የምንንቅ አይደለንም። በ1964 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነርሱ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ የሚገድለው መሆኑ ለዓለም የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላም ትምህርት እናገኛለን። ልብስ የሚያነጻው፣ ቀንድ አውጣም የሚገድለው ይኸው እንዶድ በሆድ ሲገባ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ኮሶም የኮሶን ትል እንደሚያስወጣ ሁሉ፣ መጠኑ ሲበዛ የዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ኀይል ያለው ቅጠል የመጉዳትም ኀይል አለው። መጠኑን፣ የሚሰጠውን እንስሳና የበሽታውን ዓይነት ሳያውቁ መስጠት በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው።

በቤት ሊደረግ የሚገባው

ትንሽ ቍስል ሲሆን አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቶ፣ ሲበርድ በዚያ ማጠብ መልካም ነው። ከዚያም ጥቂት ንጹሕ ማር ቀብቶ እንስሳው እንዳይልሰው በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይቻላል። ማር ቍስል እንዳይመግል የሚከላከል መሆኑን ዘመናዊ ሐኪሞችም ይመሰክሩለታል። ቡና ግን በቍስል ላይ ቆሻሻ ከማስገባቱም በላይ እንስሳው ሲልሰው ይመርዘዋል።

መዥገር በወረንጦ ይነቀላል። አፉን ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀስ ብሎ በቀጥታ መሳብ እንጂ በእጅ መጨፍለቅ አይገባም። ቁንጫ ሲበዛ እንስሳውን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ የሚተኛበትንም ጥራጊ ማቃጠልና መኝታውን ፀሐይ ማስመታት ይጠቅማል። ያደገ ውሻ ጥቂት ሲያስቀምጠው ንጹሕ ውሃ ቶሎ ቶሎ፣ ጨውና ቅመም የሌለበት የተቀቀለ ሩዝም በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። ነገር ግን ደም የተቀላቀለበት እንደ ሆነ፣ ወይም የታመመው ቡችላ እንደ ሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ያስፈልጋል።

በቤት ሊደረግ የማይገባው

ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ለሰው ጤና ናቸው፤ የውሻንና የድመትን ቀይ ደም ግን ያፈርሳሉ። ይልቁንም ድመት በጥቂቱ ትጎዳለች። የሰው የራስ ምታት ኪኒንም እንደዚሁ ነው። አንዲት የፓራሲታሞል ፍሬ ድመትን ልትገድል ትችላለች። ላምባ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የትምባሆ ውሃ፣ ለእህል ተባይ የተሠራ መርዝም በቆዳ ላይ ሲቀቡ የዋህ መስለው ይታያሉ። ዳሩ ግን በቆዳ ሰርገው ከመግባታቸው ሌላ፣ ድመትና ውሻ ገላቸውን የሚያጸዱት በምላሳቸው ስለ ሆነ የተቀባው ሁሉ ወደ ሆዳቸው ይገባል። ለእከክና ለቁንጫ የሐኪም መድኃኒት ሳለ እንስሳን በመርዝ መቀባት ምንም ምክንያት የለውም።

በመስቀልና በፋሲካ በየቤቱ በሬና በግ ሲታረድም አንድ ነገር ልብ ይባል። ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ሲገኝ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ግን የትል ዘር አለ። በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ባልታጠበ እጅም ወደ ልጆች አፍ ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ እያደገ ውሃ ይቋጥራል። ውሻው ግን ጤነኛ መስሎ ይኖራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥጋ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻውንም በየጊዜው ከሐኪም የትል መድኃኒት ማስወሰድ ይገባል።

ቅጠል የማያድነው በሽታ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስሕተት ቢሠራበት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው እንስሳው ነው። አሁን የምንናገርለት ግን ቤተሰብን የሚያፈርስ ነገር ነው፤ ይኸውም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ። ከመቶው 99 የሚሆኑት በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው፤ ከሙታኑም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

ያበደ ውሻ ሁሉ በየመንገዱ እየሮጠ ይነክሳል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ጥግ ይይዛል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ ለሐጩ ይዝረከረካል፤ መዋጥም ያቅተዋል። ያን ጊዜ ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ወደ አፉ ይሰድዳል፤ ወይም የተወቀጠ ሥር በውሃ በጥብጦ ሊግተው ይሞክራል። በሽታው በለሐጩ ውስጥ ስላለ በእጅ ላይ ባለች ትንሽ ጭረት እንኳ ይተላለፋል። እንግዲህ መዋጥ ያቃተውን እንስሳ በእጅ መድኃኒት መጋት እጅግ አደገኛ ነው።

ለዚህ በሽታ የእንዶድ ሥርና ሌላም ልዩ ልዩ ሥራ ሥር የሚሰጡ ባለመድኃኒቶች በአገራችን ብዙ ናቸው። «እገሌን ውሻ ነክሶት ከእገሌ ጠጥቶ ዳነ» የሚለው ምስክርነትም በየመንደሩ ይሰማል። ይህ ምስክርነት ከየት እንደሚመጣ በጥሞና እንመርምር። በመጀመሪያ፣ የሚነክስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም። ሁለተኛ፣ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ አይታመምም። ሦስተኛ፣ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ አልፎ አልፎም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ተሰውሮ ይቆያል። ስለዚህ መድኃኒቱን የጠጣው ሰው ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ሆኖ ሲታይ ምስጋናው ሁሉ ለባለመድኃኒቱ ይሆናል። ዘግይቶ የሞተው ሰው ግን ምስክርነት ለመስጠት አይመለስም። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ባለመድኃኒትም ሆነ ዘመናዊ ሐኪም የሚያድነው የለም ለማለት ይቻላል።

ደስ የሚለው ነገር ተሰውሮ የሚቆይበት ጊዜ ለክትባትም ጊዜ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያበደ ውሻ የነከሰውን አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ያከመው በዚሁ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ «ፓስተር» እየተባለ የሚጠራው ሠፈር ስሙን ያገኘው በእርሱ ስም ከተቋቋመው የሕክምና ተቋም ነው።

እንግዲህ ውሻ ወይም ድመት ሰው የነከሰ እንደ ሆነ፣ ወላጆች ሆይ፣ የሚደረገው ይህ ነው። ቍስሉን ወዲያው በሚፈስስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፤ ምንም ቅጠል፣ ቡናም ሆነ አመድ አለመጨመር፤ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ፤ ሐኪሙ የሚያዝዘውን ክትባት በየቀጠሮው ሳያቋርጡ መጨረስ። ውሻው የሚያዝ ከሆነ አሥር ቀን ታስሮ ይጠበቅ። አሥሩን ቀን በጤና ከቆየ በነከሰ ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ሕክምናው ግን ይህን አሥር ቀን አይጠብቅም።

ጸሎትና ጠበል ለሚሹ ቤተሰቦችም አንድ ቃል እንጨምር። ክትባት ጸሎትን አይከለክልም፤ ጸሎትም ክትባትን አይከለክልም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ስለ ሐኪም ክብርና ከምድር ስለሚገኝ መድኃኒት የሚናገር መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ልጁን ወደ ጠበል የሚወስድ አባት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰደው። በዚህ በሽታ ነገር የጠፋ ጊዜ አይመለስምና።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ውሻው ሳይነክስ መጠበቅ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም በየዓመቱ ይታደስለት። ድመትም እንዲሁ። ሆሳዕናና ዱራሜ የዞን ዋና ከተሞች እንደ መሆናቸው፣ ለክትባቱ ወደ ከተማው የግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። በየመንደሩ ያለው ዕድርም ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ለአባሎቹ ቢያስታውቅ ታላቅ ሥራ ይሆናል። ውሻ ያለው ጎረቤት ሁሉ ካልተባበረ የአንድ ቤት ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃምና።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ለእብድ ውሻ በሽታ ያ ቅጠል በዱር የሚለቀም አይደለም፤ በጊዜው የሚሰጥ ክትባት ነው። ስለዚህ ከሚመጣው ቅዳሜ በፊት እያንዳንዱ አባወራና እማወራ «ውሻችን መቼ ተከተበ?» ብለው ይጠያየቁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው በቤት ከጠፋ ውሻው አልተከተበም ብለው ይቍጠሩትና በዚያው ሳምንት ያስከትቡት።