«ሲቲ ስካኑ ንጹህ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

እንደሚታወቀው እኛ ሐበሾች ክፉኛ ወድቀን ስንነሳ እንኳ አቧራችንን አራግፈን «ምንም አልሆንኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ይቀናናል። ጭንቅላት ሲመታ ግን ይህች ቃል ብቻዋን አታስተማምንም። ለምን እንደሆነ ባጭሩ እንመልከት።

እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ናታሻ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2009 ካናዳ ውስጥ በኩቤክ የበረዶ ሸርተቴ ስትማር ወደቀች። የሚታይ ጉዳት አልነበረባትም። ደህና ነኝ ብላም ሕክምና አልፈለገችም። ብዙም ሳይቆይ ራሷን ያማት ጀመር። በሁለተኛው ቀን ኒውዮርክ ውስጥ በ45 ዓመቷ አረፈች። የአስከሬን ምርመራው እንዳመለከተው የሞቷ ምክንያት በራስ ቅሏና በአንጎሏ ሽፋን መካከል የተጠራቀመ ደም ነበር።

እንዲህ ያለው ደም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጆሮ በላይ ባለው ስስ አጥንት ሥር የሚያልፈው የደም ቧንቧ ሲበጠስ ነው። የራስ ቅል አይለጠጥም። ስለዚህ የሚጠራቀመው ደም አንጎልን ይጫናል። መጀመሪያ ላይ ግን ሰውየው ለሰዓታት ሊያወራና ሊስቅ ይችላል።

ራጅ አጥንትን እንጂ አንጎልን አያሳይም። ይህን ችግር የፈታው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንዲት ታካሚን አንጎል አነሳ። ሃውንስፊልድም በ1979 የኖቤል ሽልማትን ከደቡብ አፍሪካ ተወላጁ አለን ኮርማክ ጋር ተጋርቷል። በሲቲ ስካን ላይ አዲስ የፈሰሰ ደም ነጭ ሆኖ ይታያል። ከሽፋኑ ውጭ ያለው እንደ ምስር ፍሬ ያበጠ፣ ከሽፋኑ በታች ያለው ደግሞ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። ምርመራው በደቂቃዎች ያልቃል፣ ሕይወትም ያድናል።

ይሁን እንጂ ሲቲ ስካን ሁሉን አያይም። ጭንቅላት በኃይል ሲናወጥ ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ ይበጠሳሉም። ይህን ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና ቀላል የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸውን 135 ሰዎች የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት፣ ሲቲ ስካናቸው ንጹህ ከነበረው መካከል በ27 በመቶው ላይ ኤምአርአይ ጉዳት ማግኘቱን ገልጿል።

እንግዲህ «ንጹህ ነው» ማለት «በዚህ ሰዓት ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ደም አይታይም» ማለት ነው እንጂ አንጎሉ አልተጎዳም ማለት አይደለም። ብዙዎች በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ነገር ግን ከመኪና አደጋ በኋላ የሚረሳውን፣ ብርሃንና ጫጫታ የሚያስጨንቀውን፣ በትንሹ የሚቆጣውን ወገናችንን «ሐኪም ምንም የለህም ብሎት የለ፣ እያስመሰለ ነው» ብለን አንፍረድበት።

በተለይ ልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ባሕር የተሻገሩ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን እናስብ። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል ስለሚሟሽሽ ትንንሽ የደም ሥሮች በቀላሉ ይበጠሳሉ። ደሙ ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ለሚወስዱት አደጋው የባሰ ነው። በረዶ ላይ የወደቁ እናት «ደህና ነኝ» ቢሉም እንኳ ሐኪም ጋር እንውሰዳቸው፤ የሚወስዱትን መድኃኒትም እንናገር። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው መጠየቅ አያሳፍርም።

ጨረር ስላለው ለእያንዳንዱ ግጭት ሲቲ ስካን አይታዘዝም፤ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ነገር ግን ተደጋጋሚ ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ለመንቃት የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ የንግግር መንተባተብ፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ከታየ፣ የትናንቱ ፎቶ ንጹህ ቢሆንም እንኳ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ድንገተኛ ክፍል መመለስ ይገባል።

ቸር ይግጠመን!