«ወላጅ አምጣ» ሲባል የቲሙ ማንን ያምጣ?



የተከበራችሁ የማኅበራችን ደጋፊዎች፣ እንዲሁም የቲሞችን በየቤታችሁ የምታሳድጉ ቤተሰቦች፦ ለአንድ የቲም ደብተር፣ የደንብ ልብስና የወር ቀለብ ከተሟላለት የትምህርቱ ነገር አለቀ ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ነገር ግን በጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባለው የሐረር ከተማ ልጆችን ከትምህርት ገበታ የሚያርቃቸው ድህነት ብቻ አይደለም። ጉልበተኛ ልጅ መንገድ ላይ ስለሚጠብቃቸው፣ በማይወዱት ስም ስለሚጠሩ፣ ይህንንም ለማን እንደሚናገሩ ስለማያውቁ ከትምህርት የሚቀሩ አሉ። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጉዳዮችን እናብራራለን፤ አንደኛው በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ሲበደል አቤቱታው እንዴት እንደሚቀርብ፣ ሁለተኛው የአደጋ ጊዜ ልምምድ ምን እንደሆነ ነው። የማይገናኙ ይመስላሉ። ለየቲሙ ግን ሁለቱም የሚቋጠሩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የማን ስም ተጽፎለታል?

በልጆች መካከል የሚነሳ ጠብ ሁሉ ጉልበተኝነት አይባልም። ሁለት እኩዮች በኳስ ተጣልተው ቢደባደቡ በማግሥቱ አብረው ሊጫወቱ ይችላሉ። ጉዳዩን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስካንዲኔቪያ አገሮች ያጠኑት ፕሮፌሰር ዳን ኦልዌውስ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጠዋል፤ ድርጊቱ ሆን ተብሎ የሚፈጸም፣ የሚደጋገምና የኃይል መበላለጥ ያለበት መሆኑን ነው። ሦስተኛው ምልክት በየቲም ላይ ይበልጥ ይታያል፤ የኃይል መበላለጥ የሚመጣው ከጡንቻ ብቻ አይደለምና። ከኋላው ተቆጪ አባት እንደሌለው የታወቀ ልጅ በአካል ቢገዝፍ እንኳ እንደ ደካማ ይቆጠራል። በከተማችን ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሚናገሩ ልጆች አብረው ስለሚያድጉ በአነጋገር ዘዬ መሳለቅም ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ ለለጋሾቻችን አንድ ነገር ማንሳት እንወዳለን። የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም በትልልቅ ፊደል የታተመበት ቦርሳ ልጁን ከሩቅ «የእርዳታ ልጅ» ብሎ ያስተዋውቀዋል። በእኛ እምነት ምንም ያልተጻፈበት ቦርሳ ከገበያ ገዝቶ መስጠት ይሻላል። የሰጪው ስም በአላህ ዘንድ አይጠፋም።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ አማኞች እርስ በርስ እንዳይሳለቁና በመጥፎ ቅጽል ስም እንዳይጠራሩ ከልክሏል፤ በሱረቱ ዱሓም የቲምን መጨቆን ለይቶ ከልክሏል። ይህን ልጆቻችን በመድረሳ ይማሩታል። ሆኖም ከዚያው ከመድረሳ የሚያመጡት ሌላ ትምህርት አንዳንዴ ዝም ያሰኛቸዋል፤ ሐሜትና ነሚማ ሐራም መሆናቸውን ስለሚያውቁ የደረሰባቸውን በደል መናገርም ከዚያው የሚቆጠር ይመስላቸዋል። ጓደኞቻቸውም «አሳባቂ» ይሏቸዋል። ልዩነቱን ልናስረዳቸው ይገባል። ነሚማ ሰውን ከሰው ለማጣላት ወሬ ማመላለስ ነው። ኢማም አን-ነወዊ «ሪያዱ ሷሊሒን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ስለ ሌላ ሰው ክፉ መናገር የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ሲዘረዝሩ በመጀመሪያ ያስቀመጡት የተበደለ ሰው በደሉን ሊያስቆምለት ለሚችል ባለሥልጣን የሚያቀርበውን አቤቱታ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ ባለሥልጣኑ መምህሩ ነው።

ልጁ ደፍሮ ቢናገርስ? በብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለት ልጆች ሲጋጩ የመጀመሪያው ውሳኔ «ነገ ወላጅ አምጡ» የሚል ነው። ጥፋተኛውም ተበዳዩም ይህንኑ ይታዘዛሉ። አባት ያለው ልጅ አባቱን ይዞ ይመጣል። የቲሙ አያቱ ገበያ ውላ የምትገባ ብትሆን፣ ወይም ያጎቱ ቤት ሸክም እንዳይሆን የሚሰጋ ቢሆን፣ ማንንም አይጠራም። «ወላጅ ሳታመጣ አትግባ» ከተባለ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን በየመተላለፊያው ሲዞር ይውልና ትምህርቱን እንደጠላ ተደርጎ ይቆጠራል። የተበደለው እሱ፣ የቀረውም እሱ ይሆናል ማለት ነው። ትምህርት ቤቶች ይህን የሚያደርጉት በክፋት ነው አንልም፤ ደንቡ ወላጅ ላላቸው ልጆች የተሠራ ነው።

በመሆኑም አቤቱታው በአዋቂ በኩል መቅረብ አለበት። መጀመሪያ የክፍል ኃላፊውን መምህር ማነጋገር ይበቃ ይሆናል። ካልተቋጨ ወደ ርዕሰ መምህሩ የሚሄደው በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ የተፈጸመው ነገር፣ ቀኑ፣ ቦታውና ያዩት ልጆች በአጭሩ ይሰፍራሉ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ያረፈበት ቅጂም በእጃችሁ ይቅር። በቃል የተነገረ ነገር ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፤ መዝገብ ላይ የዋለ ግን ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ከዚያ በላይ የወላጅና መምህራን ኅብረት አለ፤ ቀጥሎም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የክልሉ ትምህርት ቢሮ ይገኛሉ። በዳዩ መምህር ቢሆንም መንገዱ ያው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይኸው አንቀጽ መንግሥት ለወላጅ አልባ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግላቸው ያዛል፤ በደብዳቤው ላይ መጥቀሱ አይከፋም።

አካልን ያቆሰለ ወይም የልጅን ክብር የደፈረ ጥቃት ሲሆን ግን ይህን ሁሉ ደረጃ መጠበቅ አያስፈልግም። በቀጥታ ወደ ፖሊስና ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። እንዲህ ያለውን ነገር ለጉርብትና ሲባል በሽምግልና መሸፈንን አንደግፍም። የአፎቻ አባላት በሐዘንና በሠርግ እንደሚተጋገዙ ሁሉ ከልጁ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ቢሄዱለት ትልቅ እገዛ ነው። በዳዩም ልጅ መሆኑን አንዘነጋም፤ እሱም የቲም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አደጋ ጊዜ ልምምድ እንለፍ። ልምምዱ በአገራችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ገና ሥር የሰደደ ልማድ አይደለም፤ ስለዚህ ደወል ያለ ሰዓቱ ሲደወል ብዙ ልጆች እውነተኛ አደጋ ይመስላቸዋል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀያቸው አስነሥቶ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ነበር። ያኔ ወላጆች ሁሉ ልጆቻቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁ እንደሆነ ጠይቀዋል። መልሱ ረጅም አይደለም። መሬት ሲንቀጠቀጥ ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ አይሮጥም፤ ከዴስክ ሥር ገብቶ ጭንቅላቱንና አንገቱን ይከልላል፤ ንዝረቱ ሲቆም በሰልፍ ይወጣል። እሳት ከሆነ ደብተሩን ትቶ ወዲያው ይወጣል፤ ጭስ ካለም ጎንበስ ይላል። የመሰብሰቢያው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሰንደቅ ዓላማው ሜዳ ነው፤ መምህሩ በስም መጥሪያው እየጠራ ይቆጥራል።

ልምምድ ምን እንደሚያተርፍ ከጃፓን ታይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሱናሚ ባስነሣ ጊዜ በካማኢሺ ከተማ የአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወደ ከፍታ ሲወጡ የጎረቤቱን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትንንሽ ልጆች እጅ ይዘው ነበር፤ በዚያ የሸሹት ልጆች ተርፈዋል። ታላቁ የታናሹን እጅ እንዲይዝ ቀድሞ የተለማመደበት ትምህርት ቤት ለጉልበተኝነትም ብዙ ቦታ የሚተው አይመስለንም። በተቃራኒው ግፊያ ያለበት ሰልፍ ለጉልበተኛ ልጅ መልካም አጋጣሚ ነው። ልጃችሁ የሚፈራው ሰው ካለ በሰልፉ ከመምህሩ አጠገብ እንዲሆን አስቀድማችሁ ጠይቁለት። ወላጁን በድንገተኛ አደጋ ያጣ ልጅ ደግሞ ደወሉን ሲሰማ ሊደነዝዝ ይችላልና ልምምድ እንደሚኖር ከዋዜማው ይነገረው።

ከቆጠራው በኋላ ልጆቹ ለቤተሰብ ይሰጣሉ። ለማን? በመዝገቡ ላይ ስሙ ለሰፈረው ነው። የሟች አባት ስም ብቻ ያለበት ልጅ ሜዳው ላይ የመጨረሻው ቀሪ ይሆናል። ጀጎል ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ መተላለፊያዎች መኪና የማያስገቡ ጠባብ ስለሆኑ፣ ከግንቡ ውጭ የሚማሩ ልጆች በየትኛው በር እንደሚመለሱና ያ በር ቢጨናነቅ በፈላና ይሁን በኤረር በር እንደሚዞሩ ከአሳዳጊያቸው ጋር አብረው ሄደው ሊያዩት ይገባል።

ስለዚህ በመስከረሙ ምዝገባ ወቅት አሳዳጊው በአካል ቀርቦ ስሙን፣ የስልክ ቁጥሩንና እሱ በማይገኝበት ቀን የሚተካውን ሰው ስም ያስመዝግብ። የአሳዳጊነት ማስረጃ ከተጠየቀ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ሲቀርቡ የሕፃናትን ሞግዚትነት ጉዳይ ያያሉ። አያቶች ጠዋት ገበያ የሚውሉ ከሆነ ስብሰባው ከሰዓት በኋላ እንዲሆንላቸው ርዕሰ መምህሩን መጠየቅ ይቻላል። የስልክ ቁጥራችሁን በዓመቱ መካከል ከቀየራችሁ ደግሞ አዲሱን ለማኅበራችን ብቻ ሳይሆን ለክፍል ኃላፊው መምህርም በዚያው ሳምንት አሳውቁ።