ከጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ፦ እንቅስቃሴ በይፋት ቆላ

የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ የተጎዳውን የመገጣጠሚያ ገጽ አንስቶ በብረትና በፕላስቲክ አካል የሚተካ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግስቱ በድጋፍ መራመድ ይጀምራል። የፊት ጭንን ጡንቻ አጥብቆ መልቀቅና ተረከዝን ወደ መቀመጫ እየሳቡ ጉልበትን ማጠፍ፣ መገጣጠሚያው ደርቆ እንዳይቀር በየቀኑ የሚደጋገሙ ልምምዶች ናቸው።

አዲስ አበባ ታክሞ በጣርማ በር በኩል በይፋት ቆላ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚመለስ ሰው፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሳይንቀሳቀስ መቀመጡ ለደም መርጋት፣ ማለትም በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ጓጉሎ ለመዝጋት ስለሚያጋልጠው፣ የጉዞውን ቀን ከሐኪሙ ጋር ወስኖ ቁርጭምጭሚቱን ደጋግሞ ማንቀሳቀስ፣ ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና ላይም ወርዶ ጥቂት መራመድ ይገባዋል።

በቆላው ሙቀት የእግር ጉዞ ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ በሜዳ መንገድ ቢደረግ ይመረጣል። በይፋት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በስግደት ስለሚንበረከክ፣ ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጸለይ ተገቢ ነው፤ ቁጢጥ የሚያሰኝ መጸዳጃም ከፍ ባለ መቀመጫ ይተካል።

ልምምድ መጠነኛ ሕመምና እብጠት ማስከተሉ የተለመደ ቢሆንም፣ ባት በድንገት ካበጠና ካመመ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ግን የደም ጓል ወደ ሳንባ መድረሱን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ አፋጣኝ ሕክምና ይሻሉ።