የማይበርደው የፊሽካ ቂም

«ዳኛው ተገዝቷል።» ይህን ሳልሰማ ያለፍኩት የጨዋታ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ ከሞላሌ እስከ ራቤል፣ የዲኤስቲቪ ቤት ባለበት ሁሉ ፊሽካው ተነፍቶ ሳያበቃ ፍርዱ ይሰጣል፦ በልቷል! ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። «ተውት ይጩኽ፣ ይሳደብ፣ ይውጣለት» ይላሉ። የመጀመሪያው ወሬ ብዙውን ጊዜ ማስረጃ የለውም። ሁለተኛው ግን በቤተ ሙከራ ተፈትኖ የወደቀ ነው። ሆኖም በሬዲዮ የስፖርት ሰዓት እንደ ሐኪም ትእዛዝ ሲነገር እሰማለሁ።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሂድ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ዋልያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር የገጠሙበት የመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ሳላዲን ሰኢድ የመታት ኳስ መስመሩን አልፋለች ተብሎ ሕዝቡ ሲነሳ ዳኛው አላጸደቁም። በኃይሉ አሰፋ አገባና ስታዲየሙ ተናወጠ። ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በ90ኛው ደቂቃ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 1 ተሸነፍን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል፤ «ያቺ ኳስ ብትጸድቅ ብራዚል ነበርን» የሚል ሰው ግን ዛሬም አይታጣም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ ድምሩ 4 ለ 1 ሆነ። የሳላዲን ኳስ ብትቆጠር 4 ለ 2 ይሆን ነበር። እርግጥ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 2 ተለያይቶ ካላባር የሚሄድ ቡድን በሌላ ልብ ይጫወት ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህን ማንም አስልቶ አይጨርሰውም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ካላባርን ማን ያስታውሳል? ሁለት ጎል የተቆጠረብን ጨዋታ ከልባችን ወጥቶ ያልተቆጠረች አንዲት ኳስ ቀረች። በዚያው ማጣሪያ፣ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ የማሸነፊያዋን ጎል ያስቆጠረልን የእነሱው ተጫዋች በርናርድ ፓርከር ነው፤ በራሱ መረብ ላይ። በዚያች ኳስ ሲከራከር ያመሸ ሰው አይቼ አላውቅም።

የዳኛውን የዓይን ጉዳይ ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ የተጻፈበት ነውና። አጥቂው በሰከንድ 7 ሜትር ወደ ግብ ሲሮጥ፣ ተከላካዩ በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ፊት ሲወጣ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሰከንዱ 10 ሜትር ይለወጣል። በ0.05 ሰከንድ ውስጥ ግማሽ ሜትር ማለት ነው። አራጋቢው ኳሷ የተመታችበትን ቅጽበትና የአጥቂውን ቦታ በአንድ ላይ መያዝ አለበት። አእምሯችን ደግሞ የሚሮጥን ነገር በዚያች ቅጽበት ካለበት ትንሽ ወደ ፊት አሳልፎ ነው የሚያየው። የብራዚል ተመራማሪዎች በኦፍሳይድ ለሚፈጠረው ስሕተት ተጠያቂው ይህ ነው ብለዋል። ሆላንዶቹ ደግሞ በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት ጥፋቱ አራጋቢው ከሚቆምበት ማዕዘን ይመጣል አሉ። ማንኛቸውም ይርቱ፣ ገንዘብ የሚባል ነገር ሳይኖርበት ስሕተት መኖሩ አይቀርም።

ደጋፊውስ? በ1951 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፕሪንስተንና ዳርትማውዝ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በአሜሪካ እግር ኳስ ተጋጥመው የአንዱ ኮከብ አፍንጫው፣ የሌላው ተጫዋች እግሩ ተሰበረ። አልበርት ሃስቶርፍና ሃድሊ ካንትሪል የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ተማሪዎች አሳይተው ጥፋት ቁጠሩ አሏቸው። ፊልሙ አንድ ነው። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትማውዝ ላይ የቆጠሩት ጥፋት የዳርትማውዝ ልጆች በራሳቸው ቡድን ላይ ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ነበር። የዋሸ የለም። እንዲያው ያዩት ጨዋታ ለየቅል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ቂሙ ለምን አይበርድም? መነሻው «ለጥቂት» የምንላት ነገር ናት። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ለሰዎች አንድ ታሪክ ነገሯቸው፤ ሁለት መንገደኞች በመንገድ መጨናነቅ እኩል ዘግይተው አውሮፕላን ያመልጣቸዋል። የአንዱ በረራ በሰዓቱ ሄዷል፤ እሱ የደረሰው ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። የሌላው ዘግይቶ ከ5 ደቂቃ በፊት ተነሳ። ማን የበለጠ ይበሳጫል? ከመቶው 96ቱ ሁለተኛው አሉ። የሁለቱም ኪሳራ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ግን በአሳቡ አውሮፕላኑን መልሶ ለመያዝ ይቀለዋል። ካላባርን ለመመለስ ሁለት ጎል ማጥፋትና ሌላ ማግባት አለብህ፤ አእምሮ ይደክመዋል። የሳላዲንን ኳስ ለመመለስ ግን የአንድ ሰው እጅ ወደ መሐል ሜዳ ማመልከት ብቻ ይበቃል። ስሙና መልኩ የሚታወቅ፣ ፊሽካ የያዘ አንድ ሰው። ንዴት የሚቀመጥበት ወንበር ይፈልጋል፤ ዕድል ላይ፣ ነፋስ ላይ፣ የቡድናችን ድካም ላይ አይቀመጥም።

ንዴቱ አንዴ ከተቀመጠ መነገር ይጀምራል። ይህን ለማየት በገበያ ቀን መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ መቆም በቂ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ብርድ፣ አንዱ ባናውን ትከሻው ላይ መለስ ያደርግና በዱላው አፈር ላይ መስመር ያሰምራል። ጠጠር ያነሳል፤ ጠጠሩ ኳስ ነው። «እዚህ ጋ ነበረች» ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲተርክ ጠጠሩን ከመስመሩ አንድ ጣት አልፎ ያስቀምጠዋል። ዓመት ሲሞላው አንድ ስንዝር ታልፋለች። ሰውዬው እየዋሸ አይደለም። የሚያስቀምጠው ኳሷን ያየበት ቦታ ላይ ሳይሆን ባለፈው ጠጠሩን ያኖረበት ቦታ ላይ ነው።

መንዝ ውስጥ ማታ የኩበቱን እሳት አመድ አልብሶ ማሳደር፣ ጠዋት አመዱን ገልጦ እፍ ማለት የተለመደ ነው። የፊሽካ ቂምም እንደዚያው ነው፤ የሚለየው ኩበት በመጨረሻ አመድ ሲሆን ይህኛው እፍ ባሉት ቁጥር መጨመሩ ነው። ብራድ ቡሽማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2002 እንደ ፈረንጆች ያሳተመውን ሙከራ ልንገራችሁ። 600 ተማሪዎች ጽሑፍ ጻፉ፤ ጽሑፋቸው «እንደዚህ ያለ የማይረባ አንብቤ አላውቅም» በሚል ዓይነት አስተያየት ተዋረደ። ከዚያም አንዳንዶቹ ያዋረዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድቡ ተደረገ፤ ሌሎቹ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ እያሰቡ ደበደቡ፤ የቀሩት ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሰውዬውን እያሰቡ የደበደቡት «ወጣላቸው»? ከሁሉም ይልቅ የተናደዱት እነሱ ሆኑ። ከሁሉ ያነሰ የማጥቃት ስሜት የታየባቸው ደግሞ ዝም ብለው የተቀመጡት ናቸው። በ2024 ቡሽማንና ሶፊ ክያርቪክ 154 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑም ውጤቱ ያው ነው፤ ልብን የሚያስሮጥ ነገር ንዴትን አያበርድም፣ ትንፋሽን የሚያሳርፍ ነገር ግን ያበርዳል።

የዲኤስቲቪ ቤቱን በዚህ ዓይን እዩት። ወንበር ላይ መቆም፣ ጠረጴዛ መምታት፣ «ማኖ ነው! ማኖ!» ብሎ መጮህ፣ ከጎን ያለው ሲያጸድቅልህ ደግሞ እንደገና መጀመር። የቦክስ ከረጢቱ ሙከራ በቲኬት እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሙያ መጠንቀቅ አለብኝ፤ የማስታወስ ጥናት ጠብ ያለበት መንደር ነው። ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአይጦች ላይ እንዳሳዩት ትውስታ ሲቀሰቀስ ለጥቂት ጊዜ ይላላል፤ ከዚያም እንደገና ይረጋል። ግኝቱ ያስደስታል፤ በሰው ላይ ግን አንዳንዱ ሙከራ ተሳክቷል፣ አንዳንዱ ሲደገም አልመጣም። የጠጠሩን መንሸራተት በዚህ አስረዳለሁ ብዬ አልምልም። ተደጋግሞ የታየው፣ ሰው ስለ አንድ ትልቅ ቀን ያለው ዝርዝር ትውስታ እየተለወጠ እርግጠኝነቱ ግን አለመቀነሱ ነው። የሚያስቸግረኝ ደግሞ ይህ ነው፦ በአሜሪካ ቤዝቦል ከ1,500 በላይ ደጋፊዎች ተጠይቀው፣ ቡድናቸው ያሸነፈበትን ጨዋታ ዝርዝር ከተሸነፈበት በተሻለ አስታውሰዋል፤ ስለ ድሉም ይበልጥ ያወሩ ነበር። ስለዚህ «ሽንፈት አይረሳም» የሚለው ሕግ አይደለም። ምናልባት የሚቀረው ሽንፈቱ ሳይሆን በደሉ ነው። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው፤ በዚያ ጥናት ውስጥ አልተፈተነም።

«ቫር መጣ፣ ነገሩ አለቀ» የሚሉም አሉ። አላለቀም። በሰከንድ 50 ምስል የሚያነሳ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል 0.02 ሰከንድ ያልፈዋል፤ ቅድም ባሰላነው ፍጥነት 20 ሴንቲ ሜትር ነው። የጫማ ጫፍ ላይ መስመር ሲሰመር ይህን የሚነግረን የለም። ዝግታው ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። በ88 የአውሮፓ ዳኞች ላይ በተደረገ ጥናት ያንኑ ጥፋት ቀስ ብሎ በሚሄድ ምስል ያዩት በትክክለኛ ፍጥነቱ ካዩት ይልቅ ቀይ ካርድ ወደ መስጠት አዘንብለዋል። ዝግታ ሳያስበው የመታውን አስቦ የመታ ያስመስለዋል። መስከረም 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ቶተንሃምና ሊቨርፑል ሲጫወቱማ መሣሪያው በትክክል ሠርቶ ሰዎቹ ተሳሳቱ፤ የቫር ዳኛው የሜዳው ውሳኔ «ጎል» ነው ብለው ስለገመቱ የሉዊስ ዲያዝ ትክክለኛ ጎል እንደተሻረ ቀረ። የእንግሊዝ ዳኞች ማኅበር ስሕተቱን አምኗል። ሴራ የሚፈልግ ግን ማመኑን ራሱን ማስረጃ ያደርገዋል።

ጉቦ የለም ወይ? አለ። ጋናዊው ጆሴፍ ላምፕቴይ በ2016 እንደ ፈረንጆች ደቡብ አፍሪካና ሴኔጋል ሲጫወቱ ጉልበት ላይ ያረፈችን ኳስ ማኖ ብለው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። ፊፋ ጨዋታውን ሆን ብለው አዛብተዋል ብሎ ዕድሜ ልክ አገዳቸው፤ ጨዋታው ተደግሞ ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸነፈች። ይህ የተረጋገጠው በጩኸት አይደለም፤ በምርመራና በግልግል ፍርድ ቤት ነው። በሌላ በኩል ዛምቢያዊው ጃኒ ሲካዝዌ በ2022 የአፍሪካ ዋንጫ የቱኒዚያና የማሊን ጨዋታ አንዴ በ85ኛው፣ አንዴ 90 ሊሞላ ሲል አስቆሙ። በማኅበራዊ ሚዲያ የተባለውን መገመት አይከብድም። ሰውዬው ግን ሙቀቱ አእምሯቸውን እንዳዞረባቸው ተናግረዋል። ከቲቪ ፊት የተቀመጠ ሰው ላምፕቴይን ከሲካዝዌ የሚለይበት ዓይን የለውም።

ዳኛን ወደ ባለሜዳው የሚያጋድለውም ከገንዘብ ይልቅ እኛው ነን። አለን ኔቪልና ባልደረቦቹ 40 ዳኞችን የአንድ ጨዋታ 47 ግጭቶችን አሳዩ፤ አንዳንዶቹ ከተመልካች ድምፅ ጋር፣ ሌሎቹ ያለ ድምፅ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የሰጡት ጥፋት በ15.5 በመቶ ያነሰ ነበር። ደጋፊ ሆይ፣ ጩኸትህ ይሠራል፤ ሌላው ሜዳ ላይ ሲሠራብህ ግን «ተገዝቷል» ትላለህ።

ሀገሩ ለእንዲህ ያለው ቂም መላ አጥቶ አያውቅም። በገና ጨዋታ ሩሩ ጌታውንም ቢያገኘው አይቆጣም የሚለው የደጋው ሰው ወግ ጥበብ አለው፤ በጨዋታ የደረሰው እዚያው ጨዋታው ላይ እንዲቀር ይመክራል።

ከእኛ ሊግ ደግሞ የሚያሳፍረው ይህ ነው፦ በ2010 ዓ.ም. ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና መከላከያ ሲጫወቱ ዳኛው ሜዳ ውስጥ ተሳድደው ተደብድበዋል፤ ሊጉም ለጊዜው ተቋርጧል። ስለዚህ የስፖርት አዘጋጆች ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። አከራካሪውን ምስል ቀስ አድርጋችሁ አሥር ጊዜ ከመደጋገማችሁ በፊት አንድ ጊዜ በትክክለኛ ፍጥነቱ አሳዩን፤ «ተገዝቷል» የሚል ደዋይ ሲገባ ደግሞ ማስረጃውን ጠይቁት፤ ከሌለው መስመሩን ለሚቀጥለው ሰው ልቀቁ።